መበየጃ ቤት ሲገባ

በዚህ ሳምንት የምንጨዋወተው ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አይደለም። አንዲት አያት ደውለው የጠየቁኝ ጥያቄ ከብዙ ቤት ደጃፍ የማይርቅ ስለመሰለኝ ቦታውን በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

የ14 ዓመት የልጅ ልጃቸው ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ያገኘውን ሁሉ ሲፈታና ሲገጥም ነው የሚውለው። አሁን ደግሞ “እማማ፣ መበየጃ ግዢልኝ” ብሎ ይዟቸዋል። የሚፈልገው ሽጉጥ የሚመስለውን፣ ምላጩ ሲሳብ ጫፉ የሚግለውን ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ገና በዳዴ የምትሄድ እህት አለችው። “ሲስተር፣ ልግዛለት ወይስ ልከልክለት? እሳቱ አስፈራኝ” አሉኝ።

ይግዙለት አልኳቸው። ሽጉጡን ግን አይደለም። ከእሳቱም ይልቅ ሊፈሩት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። እሱ የሚመጣው ሥራው አልቆ፣ ዕቃው ተሰብስቦ፣ ልጁ ለምሳ ሲቀርብ ነው።

ነርስን ስለ መበየጃ ምን አገባት የሚል አይጠፋም። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የበረንዳችንን አንድ ጥግ ለሬዲዮ ጥገና ወስዶታል፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ቻርጀሩን ይዞ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ የተቃጠለ ጣት ሳጥብና ሳሽግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች ስለ ዕቃው የምለው አብዛኛው ከእሱ የተማርኩት ነው፤ ስለ ሰውነት የምለው የራሴ ነው።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ብየዳ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የበርና የመስኮት ብረት የሚሠራበት፣ ብልጭታው ዓይን የሚጎዳው ነው። ሶልደር ማድረግ ከዚያ ይለያል። የሚገናኙት ሽቦዎች ራሳቸው አይቀልጡም፤ በመካከላቸው በቀላሉ የሚቀልጥ ሌላ ብረት ይገባና ሲበርድ ያያይዛቸዋል። ይህ ቀላጭ ብረት እንደ ክር ተጠቅልሎ የሚሸጥ ብርማ ሽቦ ነው። የተለመደው ዓይነት 60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ ሲሆን ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ሥራው እንዲሳካ የመበየጃው ጫፍ 350 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ “የፈላ ውሃ ነክቶኝ ያውቃል፣ ቻልኩት” የሚል ልጅ ካለ ንጽጽሩን አይቀበሉት።

ሽጉጡን በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ያወጣው ካርል ዌለር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1946 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው መበየጃ እስኪግል ብዙ ያስጠብቅ ነበር። የእሱ ዕቃ ምላጩ በተሳበ በጥቂት ሰከንድ ይግላል፣ ሲለቀቅ መብረድ ይጀምራል። ሆዱ ውስጥ ትራንስፎርመር አለ። ከሶኬት የገባውን ቮልት ከ1 ቮልት በታች ያወርድና በምትኩ በመቶ የሚቆጠር አምፔር በጫፉ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ውስጥ ይለቃል። በእጅ ሲያዝ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? ለተሠራበት ሥራ ምንም። ወፍራም የመኪና ሽቦ፣ የባትሪ ገመድ፣ የመዳብ ጠፍጣፋ ለሚይዝ ሰው ግሩም ዕቃ ነው፤ ኃይሉ 100 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሆነ ወፍራም ብረት ሙቀቱን አይቀማውም። የእኛ ልጆች የሚከፍቱት ግን ሬዲዮና ቻርጀር ነው። በዚያ ውስጥ ያሉት መስመሮች ከክር የቀጠኑ፣ በሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ሽጉጡ ሙቀቱ አይመጠንም፤ ምላጩን ትንሽ አብዝቶ የያዘ ልጅ መስመሩን ከሰሌዳው ነቅሎ ያነሳዋል። በጫፉ ዙሪያ የሚፈጠረው መግነጢስም ለስስ ዕቃ አይመችም። ክብደቱ ደግሞ እጅን ያንቀጠቅጣል። ደጋግሞ ለረጅም ጊዜ ሲሳብ ትራንስፎርመሩ ይግላል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ ላይ ምን ያህል ሰከንድ ሠርቶ ምን ያህል ማረፍ እንዳለበት የተጻፈው። ሽጉጡ እያለው “አልግል አለኝ” ብሎ ለሚመጣ ሰው ባለቤቴ መጀመሪያ የሚያየው ጫፉን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ነው። እነሱ ከላሉ ኃይሉ አያልፍም፤ ሲጠበቁ ብዙ ጊዜ ይድናል።

አሁን ለአያቶች በተለይ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ገበያ ላይ ሽጉጥ የሚመስል ሁሉ ሽጉጡ አይደለም። እውነተኛው ከባድ ነው፣ ጫፉም እንደ ፀጉር ማስያዣ ዞሮ የተመለሰ የሽቦ ቀለበት ነው። ሌላው ቀለል ያለ፣ ጫፉ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ የሆነ፣ ላዩ ላይ ሁለት የዋት ቁጥር የተጻፈበት ነው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ይኼኛው ስፒናው ሶኬት ውስጥ እስካለ ድረስ ምላጩ ባይነካም በትንሹ ዋት እየጋለ ነው። ምላጩ የሚያደርገው ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። የገዛው ሰው ግን “ለቀቅኩት፣ ጠፋ” ብሎ አልጋ ላይ ያስቀምጠዋል። ፍራሹ ከስፖንጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። ሻጩን “ምላጩን ስለቀው ይጠፋል ወይስ ይቀንሳል?” ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ስፒናውን አስሰኩና ምላጩን ሳትነኩ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ የሶልደሩን ሽቦ ጫፉ ላይ ስታስነኩት ከቀለጠ መልሱን ከዕቃው አገኛችሁ።

ሌላው ከውጭ የሚመጣው ነው። ከአሜሪካ ልጅ ወይም ወንድም ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ለአባቱ ጥሩ መሣሪያ ይዞ መምጣቱ ደስ ይላል። የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ሽጉጥ እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይጨስና ያበቃል፤ ሲብስ በእጅ ላይ ይቃጠላል። የስፒና መቀየሪያ የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ነው፣ ቮልቱን አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስጦታ ሲደርሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩም ዋት ከመሣሪያው ዋት መብለጥ አለበት። ከአውሮፓና ከዱባይ የመጣ ብዙ ጊዜ በእኛ ቮልት ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ሳይነበብ አይሰካ።

እንግዲህ ለልጁ የትኛው ይገዛ? እንደ እስክሪብቶ የሚያዘው፣ 60 ዋት ገደማ የሆነ፣ እጀታው ላይ ሙቀት መመጠኛ ያለው። ከ200 እስከ 450 ዲግሪ የሚል ክብ ማዞሪያ ያላቸው አሉ፤ ልጁ 350 አካባቢ ላይ አድርጎ ይጀምራል። መመጠኛ የሌለው ከሆነ ከ30 እስከ 40 ዋት ይበቃዋል። ስትገዙ ገመዱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት። ጫፉ ተፈትቶ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ። ደግሞ ማስቀመጫውን ሳትገዙ እንዳትወጡ። ማስቀመጫው ጥቅልል ሽቦ ያለው፣ መበየጃው እንደ ሰይፍ በአፎቱ የሚገባበት መቆሚያ ነው። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የሚተወው ይህንኑ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ መበየጃው ርካሽ ሆኖ ማስቀመጫው ከባድና የማይወድቅ ቢሆን እመርጣለሁ። ትንሽ ልጅ ገመድ ስትጎትት የሚመጣባት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ የነበረው ነው።

ለመነሻ ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ቀጭን የሶልደር ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ እና መነጽር። መነጽሩ ተራ ቢሆንም ዓይንን ይሸፍን። ትኩስ ሶልደር አንዳንዴ ይረጫል፣ በፒንሳ የተቆረጠ ሽቦም ይፈናጠራል። ጫፍን ለመጥረጊያ ትንሽ እርጥብ ስፖንጅ ከማስቀመጫው ጋር አብሮ ይመጣል።

አጠቃቀሙን ባለቤቴ ልጆችን ሲያስተምር ከሰማሁት ላካፍላችሁ። የሚጠገነው ዕቃ ከሶኬት ይነቀላል፣ ባትሪው ይወጣል። ሽቦዎቹ እስኪያብረቀርቁ ይፋቃሉና እርስ በርስ ይጠመዘዛሉ። መበየጃው ሲግል ጫፉ ላይ ትንሽ ሶልደር ይቀባል፤ ይህ ጫፉን ከመጥቆር ይጠብቃል። ከዚያ ነው ልጆች ሁሉ የሚስቱት፦ ሶልደሩን በጫፉ አቅልጠው ሽቦው ላይ ሊያንጠባጥቡት ይሞክራሉ። እንዲህ የተሠራ አይይዝም። መጋል ያለበት መገጣጠሚያው ነው። ጫፉ ሽቦውን ከታች ይነካል፣ ሶልደሩ ከላይ ይቀርባል፣ ሽቦው ራሱ ሲያቀልጠው ውሃ ጨርቅ ውስጥ እንደሚሰርግ ገብቶ ይሰርጋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። እስኪበርድ አይነቃነቅም። ሲጨርስ ለስላሳና የተዘረጋ ከሆነ ይዟል፤ እንደ ሽሮ ጉብታ ተንከባሎ ከተቀመጠ አልያዘም። ባለቤቴ ጫፉን በሞረድ የሚፋቅ ልጅ ሲያይ ይቆጣል፤ የዛሬ ጫፎች በላያቸው ስስ የብረት ሽፋን አላቸው፣ እሱ ከተፋቀ መዳቡ ተበልቶ ያልቃል።

ስለ ቦታው ደግሞ እኔ ነኝ የምናገረው። መበየጃው ምንጣፍና መጋረጃ ካለበት ሳሎን ይውጣ። በረንዳ ወይም መስኮቱ የሚከፈት ክፍል ይሁን። ከቤት ሥራ የተረፈ አንድ ሴራሚክ ጠረጴዛው ላይ ቢነጠፍ ጠብታ አያቃጥለውም። ገመዱ ሰው በሚያልፍበት አይዘርጋ። ናይሎን ልብስና ነጠላ ጫማ ተለውጦ ይጀመር፤ ረጅም ፀጉር ይታሰር።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ በእኛ አገር ከሁሉ የማይረሳ ነው። ልጁ እየሠራ መብራት ይጠፋል፣ ይሰለቸውና ወደ ኳስ ይሄዳል። መብራቱ ማታ ሰው ሲተኛ ይመጣል፤ መበየጃውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ በእኛ ቤት ያለው ሕግ አንድ ነው፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናው ይነቀላል፣ ከዚያ ሻማ ይፈለጋል። ሌሎቹን ሕጎች ልጆቹ ይከራከሩባቸዋል፣ ይህን ግን አንከራከርበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ያ ብርማ ሽቦ 40 በመቶው እርሳስ ነው ብያለሁ። (ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ አትደንግጡ።) እርሳስ በሰውነት ውስጥ አንድም ጥቅም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ትንንሽ ልጆች ከአንድ ምንጭ የሚመጥጡት ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው፤ ትምህርት መቀበል፣ ትኩረት፣ ጠባይ። ምልክቱ ደግሞ እንደ ትኩሳት አይጮህም። ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ደም ማነስ፣ መነጫነጭ፤ ስንት ሌላ ነገር የሚያመጣቸው ምልክቶች ናቸው።

ታዲያ በየት ነው የሚገባው? ብዙ ሰው በጭሱ ይመስለዋል። አይደለም። እርሳስ ለመትነን ከመበየጃው እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው። የሚገባው በአፍ ነው። ሽቦውን የያዘ ጣት በዓይን የማይታይ የእርሳስ ብናኝ ይይዛል። ያ ጣት ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል? እኛ እኮ በማንኪያ የምንበላ ሰዎች አይደለንም። እንጀራውን በዚያው እጅ እንቆርሳለን። ከዚያም ብሶ እንጎራረሳለን። ታላቅ ወንድም ሬዲዮውን ጠግኖ በደስታ መጥቶ ለትንሿ እህቱ የሚያጎርሳት ጉርሻ ነው እኔን የሚያስፈራኝ፤ በመበየጃው ራሷን ብታቃጥል ትጮኻለች፣ ሁላችንም እንሮጣለን። ጉርሻውን ግን ስቃ ነው የምትውጠው።

ስለዚህ ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙናና በውሃ፣ እስከ አንጓ፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር ይታጠባል። በውሃ ብቻ አይበቃም፤ የእጅ ማጽጃ አልኮልም እርሳስን አያነሳም፣ ጀርም ገዳይ እንጂ ብናኝ አጣቢ አይደለም። በሥራ ላይ እያሉ ቆሎም ሻይም የለም። ሁለት እጃቸው ሲያዝ ሽቦውን በጥርሳቸው ነክሰው የሚይዙ ጠጋኞች አይታችሁ ይሆናል፤ ልጆችም አይተው ይኮርጃሉ። ይህን በመጀመሪያው ቀን አስቁሙ።

ጠረጴዛው የሚበላበት አይሁን። መሬት የወደቀች ትንሽ የሶልደር ጠብታ ታብረቀርቃለች፤ በዳዴ የምትሄድ ልጅ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታ አታልፍም፣ ያገኘችውንም የምትመረምረው በአፏ ነው። ልጁ ሲጨርስ ጠብታዎቹን ለቅሞ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያጠራቅም። ቦታው በደረቁ በመጥረጊያ አይጠረግ፣ ብናኙ ይነሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ጨርቁም የእቃ ማጠቢያ ጨርቅ አይሁን። የሥራ ሸሚዝ አንድ ይኑረው፣ ያን ለብሶ ሕፃን አይታቀፍ። በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ማጽዳት ለእሷ አትስጧት። እርሳስ ከእናት ወደ ፅንሱ ያልፋል። ደግሞ ብረት ያነሰው ልጅ እርሳስን የበለጠ ይመጥጣልና ምስሩንና ጎመኑን አትርሱ።

ከእርሳስ ነፃ የሆነ ሶልደርም አለ። ጥቅልሉ ላይ የተጻፈውን ስታዩ የእርሳስ ምልክት “ፒቢ”፣ የቆርቆሮው “ኤስኤን” ነው። ኤስኤን 60 ፒቢ 40 ካለ እርሳስ ያለበት ነው። ነፃው 99 በመቶ ገደማ ቆርቆሮ ሆኖ ጥቂት መዳብ ያለበት ሲሆን በ227 ዲግሪ ይቀልጣል። ትንሽ ያስቸግራል፣ ለጀማሪ እጅ እንደ ሌላው አይታዘዝም፣ ባለቤቴም አይወደውም። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ግን ከተገኘ እሱን ግዙ እላለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም።

ጭሱ እርሳስ አይደለም አልኩ እንጂ ደህና ነው አላልኩም። ሽቦው ውስጥ ያለው የዛፍ ሙጫ ሲቃጠል የሚወጣ ነው። በየፋብሪካው ለዓመታት የተነፈሱትን ሰዎች ለአስም እንደሚዳርግ በደንብ የታወቀ ነው። ቀድሞውኑ አስም ያለበት ልጅ ወይም አያት ካለ እዚያ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ። የሚሠራውም አንገቱን አቀርቅሮ ጭሱ ላይ አይደፋ፤ ትንሽ ማራገቢያ ከጎን ሆና ጭሱን ወደ መስኮት ብትወስድ ጥሩ ነው።

መበየጃ የገባበት ቤት ደግሞ ሁሉን ነገር መበየድ ያምረዋል፤ ጎረቤትም ይሰማል። ያፈሰሰ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የተበሳ ድስት፣ የወተት ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። በፍጹም አይሆንም። እርሳስ ያለበት ሶልደር ምግብና መጠጥ የሚነካው ቦታ ላይ አይገባም፤ ሎሚ ወይም ሌላ ጎምዛዛ ነገር ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ይለቃል። የሕፃን የአንገት ሐብል ወይም የክርስትና መስቀል ሲበጠስም እንዲሁ፤ ልጆች ሐብላቸውን ይጠባሉ። ለብር አንጥረኛ ይሰጥ፣ እሱ የሚጠቀመው ሌላ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ሲበጠስ ሶልደር የሚያደርጉ አሉ። ምጣዱ ሲግል ሶልደሩ መልሶ ይቀልጣል፤ ሽቦው ይላቀቅና ብልጭታ፣ ሲብስም የምጣዱን አካል የነካ ኃይል ይሆናል። እሱ በብሎን በሚታሰር ማያያዣ፣ በባለሙያ ይሠራ። የስልክ ባትሪ ላይ መበየድም ክልክል ነው፣ ይፈነዳል፣ ይነዳል። ማይክሮዌቭ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ሰው የሚገድል ኃይል ሊያቆይ ይችላል፤ ልጅ ፈጽሞ አይክፈተው።

በመጨረሻ ቢቃጠልስ? አንድ ቀን በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። መዳፉ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ በላዩ የቡና ዱቄት፣ በዚያ ላይ ቅቤ ነበር። ቁስሉን ለማየት ያን ሁሉ ማጠብ ነበረብኝ፤ ልጁ በቃጠሎው ካለቀሰው ይልቅ በእጥበቱ ያለቀሰው ይበልጣል። ጎረቤት ሁሉ በፍቅር ያመጣው ነው፣ እናቲቱን አልወቅሳትም። ነገር ግን የጥርስ ሳሙናም፣ እንቁላልም፣ ሊጥም፣ ቅቤም ሙቀቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሻል።

የሚደረገው ውሃ ነው። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። ሰዓት ተመልከቱ፤ 20 ደቂቃ ከምታስቡት ይረዝማል፣ ልጁ ሁለት ደቂቃ ላይ “ተሻለኝ” ይላል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መበየጃው ከመሰካቱ በፊት የሞላ ጀሪካንና ጆግ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ከላይ ቀስ እያሉ ያንቆረቁሩበታል። በረዶ አይደረግም። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈን። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ የሰፋ፣ ወይም ፊት፣ መገጣጠሚያ፣ ብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም ነጭ ሆኖ ሕመም የማይሰማው ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የጫፉ ቃጠሎ ትንሽ መስሎ ጥልቅ ሊሆን ይችላል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደተከተበ ንገሯቸው።

መብራት የያዘው ሰው ካያችሁ ደግሞ እጃችሁን አትዘርጉ። መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ብሬከሩን አጥፉ። ብሬከሩ የት እንዳለ አያትም ልጅም ይወቅ፤ ዛሬ ማታ ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ኃይሉ የያዘው ልጅ ተነስቶ ቢስቅም፣ ቆዳው ላይ ያለው ምልክት የሽንብራ ፍሬ ቢያክልም ሐኪም ይየው፤ ልብን የሚነካው በውስጥ አልፎ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እንደተለመደው ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልኝ። ቸር ሰንብቱ።